የዲሽ ባሕታዊ

መምህር ላቀው መካነ ሰላም ውስጥ ባዮሎጂ ሲያስተምር አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቶታል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ ካለችው መንገድ በቀር በእግሩ ረግጦ የሚያውቀው አገር ብዙ አልነበረም። ሰማዩ ሲጠቁር ባጃጅ ይጠራል፤ ጭቃ ካየ ዞሮ ይሄዳል፤ ውሻ ከጮኸበት ሌላ መንገድ ይፈልጋል። እንግዲህ ጣሪያው ላይ ዲሽ ካስተከለ ወዲህ "በረሃ ላይ ብትጥሉኝ አልሞትም" ማለት የጀመረው ይህ ሰው ነው።

ነገሩን ያመጣበት አንድ ፈረንጅ የሚታይበት ፕሮግራም ነው። ፈረንጁ ከሄሊኮፕተር ዘሎ ሰው ወደሌለበት ጫካ ይወርዳል። በእጁ አንድ ቢላ፣ በወገቡ አንድ ገመድ፤ ሌላ ምንም የለውም። እንጨት ከእንጨት አፋጭቶ እሳት ያነዳል፤ ከቅጠል ላይ ጤዛ ይልሳል፤ ከበሰበሰ ግንድ ውስጥ ጣት የሚያክል ነጭ ትል አውጥቶ ይነክስና "ፕሮቲን" ይላል። ላቀው ይህን ሲያይ እራቱ ይቀዘቅዛል። ሚስቱ እንቁ "ኧረ ወጡ ረጋ" ስትለው "እሺ፣ ወንዙን ይሻገርና" ይላል። ወንዙ ሲያልቅ ገደል ይመጣል፤ ገደሉ ሲያልቅ አዞ።

ማየቱ ብቻ አልበቃውም። ደብተር ገዝቶ ትምህርቱን መመዝገብ ጀመረ። የአልጋውን እግር በገመድ እያሰረ የቋጠሮ ዓይነቶችን ይለማመዳል፤ አንድ ቀን እንቁ ልትጠርግ ብላ አልጋውን ብትገፋው ከመስኮቱ ብረት ጋር ተጠፍሮ አገኘችው፤ በቢላ ቆርጣ ፈታችው።

የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥም ሻይ በቀረበ ቁጥር ወሬው ይኸው ሆነ።

"ሰው ያለ ምግብ ሦስት ሳምንት ይቆያል" ይላል ላቀው ብርጭቆውን እያማሰለ። "ያለ ውሃ ሦስት ቀን። ብርድ ላይ ያለ መጠለያ ሦስት ሰዓት።"

"ያለ ስኳርስ?" አለችው አንድ ቀን የኬሚስትሪ መምህርቷ ሁዳ፣ አራተኛውን ማንኪያ ሲጨምር አይታ።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ላቀው ብቻ አልሳቀም። "እናንተ ሳቁ። አንድ ቀን መኪና ሜዳ ላይ ቢበላሽባችሁ ግን ታስታውሱኛላችሁ።"

"መኪና ቢበላሽብንማ ወርደን ያገኘነው ቤት ገብተን ውሃ እንጠይቃለን" አለች ሁዳ። "ይልቅ ይኼ ሁሉ እውቀት ቤት ውስጥ ከሚሻግት ለምን አትሞክረውም? ደንቆሮ እንደሆነ አጠገባችን ነው።"

ደንቆሮ የጫካው ስም ነው። ከከተማው ወደ ላይ ሲወጡ አስታና ጅባራ የበቀለበት፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖርበት፣ ዛሬ ፓርክ ተብሎ የሚጠበቅ ደን ነው። ስሙ ለቀልድ የተመቸ ስለሆነ የሒሳቡ መምህር ቃለ ክርስቶስ ማንም ሳይቀድመው "ተምሮ ተምሮ ደንቆሮ ገባ ልታስብሉት ነው!" አለ።

የላቀው ፊት ጋለ። "በጥር እረፍት ሦስት ቀን እገባለሁ" አለ። "ብቻዬን። በቢላና በገመድ።"

ቃሉን አሥራ አራት ሰው ሰምቶታል። መልሶ የሚውጠው ነገር አልነበረም።

እንቁ ስትሰማ አልተቆጣችም፤ እሱን ያስፈራውም ይኸው ነው። "ሦስት ቀን?" አለች ሽንኩርት መክተፏን ሳታቋርጥ። "አንተ? ባለፈው መብራት ሲጠፋ በገዛ ግቢህ ውስጥ የልብስ ገመድ አንቆ የጣለህ ሰውዬ?"

"ያ ሌላ ነው።"

"ሂድ እንግዲህ። ብቻ ከመሄድህ በፊት ሪሞቱን የት እንዳስቀመጥከው ንገረኝ።"

ሐሙስ ማለዳ በአይሱዙ ተጭኖ ወጣ። ምግብ አልያዘም፤ ስንቅ ይዞ ጫካ የሚገባ ሰው ለሽርሽር ሄደ እንጂ ተፈተነ አይባልም የሚል አቋም ነበረው። ከመንገዱ ወርዶ ወደ ፓርኩ መግቢያ ሲደርስ ግን የመጀመሪያው ችግር ጠበቀው። መዝገብ ላይ ስሙን የጻፈው ወጣት "ስካውት፣ አብሮዎት የሚሄድ ጠባቂ፣ ይመደብልዎታል" አለው።

"አያስፈልገኝም። ብቻዬን ነው የምገባው።"

"ብቻዎን አይቻልም፣ መምህር። መመሪያው ነው።"

"ወንድሜ፣ የዚህ ነገር ቁም ነገሩ እኮ ብቻ መሆኑ ነው!"

"ይሁን። ብቻዎን ይሁኑ፤ ጋሽ አባተ ደግሞ አብረውዎት ይሁኑ።"

ጋሽ አባተ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ቀጭን ሰው ናቸው። ጋቢ ተከናንበው፣ አሮጌ ጠመንጃ ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ የላስቲክ ጫማቸውን ያለ ካልሲ አድርገው ዳገቱን እንደ ሜዳ ይወጡታል። ላቀው ከኋላቸው እያለከለከ አንድ ሰዓት ተጓዘ። በመጨረሻ አንድ ትልቅ የአስታ ዛፍ ስር ሲደርሱ ጓዙን አወረደና "እዚህ ነው የምሰፍረው" አለ።

"እዚህ? ከዚህ ወዲያ እኮ የስካውቶች ጎጆ አለ። ሞቅ ያለ ነው።"

"አይ፣ እኔ መጠለያ እሠራለሁ።" ቢላውን መዘዘና ወደ አንድ ቅርንጫፍ ተጠጋ።

"መቁረጥ ክልክል ነው፣ መምህር።"

ላቀው ቢላውን መለሰ። ትንሽ አሰበና ሥር ለመቆፈር አጎነበሰ።

"መቆፈርም ክልክል ነው።"

"ወጥመድ ላጠምድ ብል..."

ጋሽ አባተ ጠመንጃቸውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወሩት።

"ታዲያ ምንድን ነው የሚፈቀደው?"

"መሄድ ይፈቀዳል። ፎቶ ማንሳት ይፈቀዳል" አሉ ጋሽ አባተ። አዘኑለት መሰለኝ "የወደቀ ነገር መልቀምም ግድ የለም" ብለው ጨመሩ።

እናም ላቀው የወደቀ ለቀመ። ደረቅ ጭራሮ ከግንዱ ላይ አስደግፎ፣ በላዩ ደረቅ የጓሳ ሣር ነስንሶ፣ ዶሮ እንኳ አይታ የምትጠራጠረውን ቤት ሠራ። ከዚያ ወደ ዋናው ነገር ገባ። ሁለት ደረቅ እንጨት መረጠ፤ አንዱን በጉልበቱ ረግጦ፣ ሌላውን በገመድ ጠምዝዞ ልክ ደብተሩ ላይ እንደሣለው አድርጎ ማሽከርከር ጀመረ። ጋሽ አባተ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዩታል። ግማሽ ሰዓት ሆነ። አንድ ሰዓት ሆነ። ላቀው ኮቱን አወለቀ። መዳፉ ውሃ ቋጠረ፤ የቋጠረው ፈነዳ። ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሲል ከእንጨቱ ውስጥ አንዲት ቀጭን የጭስ ክር ብቅ አለችና "መጣች! መጣች!" እያለ ጎንበስ ብሎ ቢተነፍስባት ጠፋች።

ወገቡን ይዞ ቀና ሲል ጋሽ አባተ በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ለነገሩ እሳት ማንደድም ክልክል ነው" አሉ።

"ምን?"

"ጓሳው ከተያያዘ ተራራው ነው የሚነደው። በጣም ክልክል ነው።"

"ጋሽ አባተ! ታዲያ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳፋጭ ለምን ዝም አሉኝ?"

"ይነዳል ብዬ አላሰብኩማ።"

ያን ሌሊት ላቀው የስካውቶቹ ጎጆ ውስጥ እንዲያድር ቢለመን እምቢ አለ። እንዴት እንዳደረ ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ ለእንቁም ቢሆን። ጠዋት ጋሽ አባተ ሲመጡ ጢሙ ላይ አመዳይ ወርዶበት፣ ጉልበቱን አቅፎ፣ ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ አገኙት። ከንፈሩ የተንቀጠቀጠው በብርድ ነበር። ጋሽ አባተ ግን ጸሎት ላይ ያለ ሰው አይነካም ብለው ራቅ ብለው ቆሙ።

ሲጨርስ (መሞቅ ሲጀምር ማለት ነው) ከኪሳቸው አንድ እፍኝ ቆሎ አውጥተው ዘረጉለት። ላቀው ቆሎውን አየው። አፉ ምራቅ ሞላ። አሥራ አራቱ መምህራን በዓይኑ ዞሩና "ይቅርብኝ" አለ። "ጫካው የሚሰጠኝን ነው የምበላው።"

ጫካው የሰጠውን ለማግኘት ብዙ አልተቸገረም። አንድ የበሰበሰ ግንድ ሲገለብጥ ትሉ እዚያው ነበር፤ ነጭ፣ ወፍራም፣ ቅባት የጠጣ፣ ቁርጥ የፈረንጁን የሚመስል። ላቀው በሁለት ጣቱ አነሣው። ትሉ ተጠማዘዘ። ላቀው ዓይኑን ጨፍኖ አፉን ከፈተ።

"ዛሬ ዓርብ አይደል እንዴ?" አሉ ጋሽ አባተ።

አፉን ዘጋ።

"የጾም ነው የፍስክ እሱ?" ሰውዬው የጠየቁት ከልባቸው ነው፤ ለማወቅ ፈልገው። "ሥጋ ነው እንዳይባል ደም የለው። አትክልት ነው እንዳይባል ይሄዳል። እርስዎ ተምረዋል፤ እስቲ ይንገሩኝ።"

ላቀው ለአሥራ ስድስት ዓመት የእንስሳትን አመዳደብ ያስተማረ ሰው ነው። እውነቱን ላለመናገር ሞከረ፤ አልሆነለትም። "እጭ ነው" አለ በቀስታ። "ጢንዚዛ ሊሆን ያለ። እንስሳ ነው።"

"እንግዲያ ፍስክ ነዋ።"

"ፍስክ ነው።"

ትሉን ግንዱ ላይ መልሶ አስቀመጠው። ሲያስቀምጠው የተሰማው እፎይታ ለጾሙ የሚገባውን ያህል መንፈሳዊ አልነበረም። ጋሽ አባተ ግን ልባቸው ተነካ። ይህን ሰው ትላንት ብርድ ላይ ሲያድር አይተውታል፤ ዛሬ ቆሎ እምቢ ሲል አይተውታል፤ አሁን ደግሞ ትል ሳይቀር በዓርብ አልበላም ብሎ መለሰ።

"መምህር" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ይህን ነገር እንዲያደርጉ ማነው ያዘዘዎ?"

"ማንም አላዘዘኝ። በቴሌቪዥን መስኮት አይቼ ነው።"

ጋሽ አባተ ያዩትን የሰሙትን የማያጣምሙ ሰው ናቸው። ረፋዱ ላይ ከጫካው ጫፍ ከብት የሚጠብቁ ሰዎች "ያ ሰውዬ ምን ያደርጋል?" ብለው ሲጠይቋቸው ያዩትን ተናገሩ። አይበላም፣ እሳት አይሞቅም፣ ጎጆ አልገባም ብሏል፣ በቴሌቪዥን መስኮት አይቶ ነው የመጣው አሉ። ከዚያ ወሬው ቁልቁል ወደ መንደሩ ወረደ። ሲወርድ ቴሌቪዥኑ መንገድ ላይ ወድቆ ቀረና መስኮቱ ብቻ፣ የሰማይ መስኮት ሆኖ፣ ደረሰ።

ስድስት ሰዓት ላይ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች መጡ። ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን አጣፍተው አሥር እርምጃ ያህል ራቅ ብለው ተንበረከኩ። ላቀው ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንዳለ አየ። ማንም የለም።

"ባሕታዊው ይባርኩን" አለች አንደኛዋ።

"ኧረ እኔ ባሕታዊ አይደለሁም! መምህር ነኝ።"

"አዎ፣ ያስተምሩን።"

"የባዮሎጂ መምህር ነኝ እኮ!"

ሴቶቹ ተያዩ። ባዮሎጂ የቱ ደብር እንደሆነ አላወቁም፤ ሩቅ መሆን አለበት። "አቤት ትሕትና" አለች ሁለተኛዋ።

ከእነሱ ቀጥሎ ሙሐሲን የሚባል ጎልማሳ ገበሬ መጣ። ሰላምታ ሰጥቶ ራቅ ብሎ ተቀመጠና "እኔ እስላም ነኝ" አለ። "ግን ዱዓ ዱዓ ነው። ልጄ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ዘንድሮ ይወስዳል፤ ዱዓ ያርጉለት።" ይህኛው ቢያንስ የሙያ ጉዳይ ስለሆነ ላቀው ደስ አለው። ባዮሎጂው ላይ የሕዋስ ክፍፍሉን ደጋግሞ እንዲያነብ ንገረው አለ። ሙሐሲን ቃሉን አንድ በአንድ ደግሞ በቃሉ ያዘና "አሚን" ብሎ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ሰዉ ወደ ሃያ ደርሷል። የላቀው ሥቃይ ግን ሌላ ነበር። ከመጣው ሰው ሁሉ አንድ እንኳ የሚበላ ነገር ይዞ የመጣ የለም፤ ባሕታዊ አይበላማ። አንዲት ሴት ለመንገዷ የያዘችውን ዳቦ ከነጠላዋ ጫፍ ፈታ ስታወጣ ሽታው አፍንጫው ድረስ መጣ። ወዲያው ግን ደነገጠችና "በእሳቸው ፊት!" ብላ መልሳ ቋጠረችው። ላቀው ቋጠሮውን እስክትርቅ ድረስ በዓይኑ ሸኘው።

"ጋሽ አባተ፣ እባክዎ እውነቱን ይንገሯቸው" አለ ሰዉ ሲበተን።

"እኔ ከእውነት በቀር ምን ተናገርኩ?" አሉ ጋሽ አባተ። እውነታቸውን ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ላቀው ቆዳው ከአጥንቱ ጋር እንደተጣላበት ሰው ሆኖ ነቃ። ከአስታው ወዲያ ካለው ቁጥቋጦ ጥቂት እንጆሪ ለቅሞ አፉ ውስጥ ጣለ፤ ሆዱ አላወቀለትም። ጓዙን ሸክፎ በቀጥታ ወደ መንገድ ለመውረድ እያሰበ ሳለ እማማ በለጥሻቸው መጡ። ከታች ካለው መንደር ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ያላቸው አንዲት ጊደር ናት። ከሐሙስ ጀምሮ አልተገኘችም።

"ይባርኩኝ አልልም" አሉ እማማ በለጥሻቸው ሳይንበረከኩ። "ጊደሬ የት እንዳለች ብቻ ይንገሩኝ።"

ላቀው ረሃቡን ረሳ። በሁለት ቀን ውስጥ በደብተሩ ትምህርት የመጣ የመጀመሪያ ሰው! ደብተሩ ውስጥ ስድስት ገጽ ስለ ዱካ አከታተል ጽፏል። "ኑ፣ ዱካዋን እንከተል" አለና ፊት ፊት ሄደ። ጋሽ አባተና እማማ በለጥሻቸው ተከተሉት።

ጥቂት እንደሄዱ ላቀው እጁን አነሣና አስቆማቸው። ተንበረከከ። መሬቱ ላይ ያለውን ፋንድያ በእጁ ጀርባ ነካ፤ ነፋሱን አሸተተ፤ ፀሐይዋን አየ። "ትኩስ ነው" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሁለት ሰዓት ቢሞላው ነው። ወደ ሰሜን ሄዳለች።"

እማማ በለጥሻቸው ጎንበስ ብለው አዩት። "ይኼ የበቅሎ ነው፣ አባቴ።"

"የሙላው በቅሎ ነው" አሉ ጋሽ አባተ። "ጠዋት ሲያልፍ አይቸዋለሁ።"

ላቀው እጁን በጓሳ ጠረገ። ትንሽ እንደተጓዙ፣ ፊት ፊት መሄዱ ቀርቶ እማማ በለጥሻቸው እየመሩት መሆኑን አስተዋለ። ሴትዮዋ አይመረምሩም፤ አያጎነብሱም፤ ወደ አንድ ቦታ ነው የሚሄዱት።

"እማማ፣ ወዴት እየሄድን ነው?"

"ጥር ነው፤ ሣሩ ደርቋል። ጊደር አረንጓዴ የምታገኘው ከታች ምንጩ ዘንድ ነው።"

"እንግዲያ ያውቁ ኖሯል! ለምን እኔን ጠየቁኝ ታዲያ?"

እማማ በለጥሻቸው ቆሙ። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። "ምንጩ ዘንድ ረግረግ አለ" አሉ። "ሁለት ቀን አልፏታል። ብቻዬን ሄጄ ማየት አቃተኝ።"

ላቀው በፕሮግራሙ ውስጥ ይህን የሚመስል ነገር አይቶ አያውቅም። ከጎናቸው ሆኖ መሄድ ቀጠለ፤ ቁልቁለቱ ላይ ክንዳቸውን ያዘ።

ጊደሯ እዚያው ነበረች። ረግረጉ መሃል ሆዷ ድረስ ሰምጣ፣ አንገቷን አስረዝማ፣ ዓይኗ ፈጦ። ድምፃቸውን ስትሰማ ደከም ያለ እምቧታ አሰማች። እማማ በለጥሻቸው "ሕይወቴ!" ብለው ጮኹ። ጋሽ አባተ ሰው ሊጠሩ ወደ ጉብታው ሮጡ፤ "ሰው በአላህ! ሰው በማርያም!" የሚለው ጥሪያቸው ከገደል ገደል ተላለፈ።

ላቀው እስኪመጡ መጠበቅ ነበረበት። አልጠበቀም። ምናልባት የበቅሎው ነገር ከንክኖት ይሆናል፤ ምናልባትም የሴትዮዋ ዓይን። ገመዱን ትከሻው ላይ አድርጎ ገባ። በሦስተኛው እርምጃ ጉልበቱ ድረስ ሰመጠ። አንድ እግሩን ሊነቅል ሲታገል ሌላው ወረደ፤ እሱን ሊነቅል ሲል ወገቡ ድረስ ገባ። ጭቃው ቀዝቃዛ ነው፤ ከታች ይስባል። ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት ሞት ትዝ አለው፤ ከሞቱም በላይ ሁዳ ለቅሶ ላይ የምትለው።

በዚያ መሃል ፈረንጁ ታየው። ጭቃ ውስጥ የገባበት ቀን ነበር፤ ደብተሩ ውስጥ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። አትታገል፤ በጀርባህ ተኛ፤ እጅህን ዘርጋ፤ ቀስ በል። ላቀው ዓይኑን ጨፈነና ራሱን ወደ ኋላ ለቀቀ። ጭቃው ጀርባውን ተቀበለው። እጁን እንደ መስቀል ዘርግቶ ሰማይ ሰማይ እያየ ተንጋለለ።

ጋሽ አባተ፣ ሙሐሲንና ሌሎች አምስት ስድስት ሰዎች እየሮጡ ሲደርሱ ያገኙት እንዲህ ሆኖ ነው።

"መምህር! ሞቱ እንዴ?"

"አልሞትኩም" አለ ላቀው ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ። "አትንኩኝ። እየተረፍኩ ነው።"

እውነትም እየተረፈ ነበር። አንዱ እግሩ ቀስ ብሎ ብቅ አለ፤ ከዚያ ሌላው፤ ግራ ጫማው እዚያው ቀረ። በጀርባው እየተንፏቀቀ እንደ ዔሊ ጊደሯ ዘንድ ደረሰ። "አስታ አምጡ!" አለ። "ቅርንጫፍ! ከሥሯ እንዲነጠፍ!" ሰዎቹ የወደቀውን ለቀሙ፤ አልበቃም። ሁሉም ወደ ጋሽ አባተ ዞሩ። ጋሽ አባተ የሙሐሲንን ማጭድ ተቀብለው ራሳቸው ሁለት ቅርንጫፍ ቆረጡ። "ዛሬ ማንም አላየኝም" አሉ ለሁሉም።

ላቀው ገመዱን በጊደሯ ደረት ዙሪያ አሳልፎ ያን ስንት ወር የተለማመደውን ቋጠሮ አሰረ። ሰዎቹ ሳቡ። ቋጠሮው ወዲያው ተፈታና ሁሉም በጀርባቸው ወደቁ። ሙሐሲን በቅርንጫፉ ላይ በሆዱ እየተሳበ መጣና ገበሬ እንደሚያስረው አድርጎ አሰረው። ሁለተኛ ሲሳብ ያዘ። "አያሃ! በሉ! አያሃ!" ጊደሯ ቅርንጫፉን ረገጠች፤ ተንፈራገጠች፤ በኋላ እግሯ የላቀውን ፊት ጭቃ ለቀለቀችውና ደረቁ ላይ ወጥታ ቆመች። እሱንም በዚያው ገመድ ጎትተው አወጡት።

እማማ በለጥሻቸው መጀመሪያ ጊደሯን ጠረጉ፤ ቀጥለው በዚያው ጨርቅ የላቀውን ፊት። ከዚያ ሳቅም ለቅሶም እንደያዛቸው ከነጠላቸው ውስጥ ትልቅ ዳቦ አወጡ። "ፍለጋውን ለሚያግዘኝ ሰው ይዠው ነበር። ባሕታዊ ባይበላም..."

"ይበላል" አለ ላቀው። "እማማ፣ ይበላል!"

በላ። አንዱን ቁራሽ ሳይጨርስ ሌላውን ያዘ። ከመንደር የደረሰች አንዲት ሴት አይብ አመጣች፤ እሱንም በላ። ሰዎቹ ከበው ያዩታል። ቀስ በቀስ የአንዳንዱ ፊት ተለወጠ። በመጨረሻ ሙሐሲን "የለም፣ የለም" አለ ራሱን እየነቀነቀ። "ይኼ እንዲህ የሚበላ ባሕታዊ አይደለም። አብሽሩ፣ ሰው ነው።"

ሳቁ ረግረጉን አናወጠው። ላቀውም ሳቀ፤ ካልሲ ብቻ ባጠለቀ እግሩ ተቀምጦ፣ አይብ ጢሙ ላይ ሳለ፣ ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገራቸው። ዲሹን፣ ፈረንጁን፣ ሄሊኮፕተሩን፣ ትሉን።

"ቆይ" አሉ እማማ በለጥሻቸው ሲጨርስ፣ "ያ ሰውዬ መንገድ የጠፋው ጊዜ ለምን ሰው አይጣራም?"

ላቀው አሰበ። "ይህን" አለ አሥራ ስድስት ዓመት ጥያቄ ሲመልስ የኖረው ሰው፣ "ደብተሬ ላይ አልጻፍኩትም።"

ያን ቀን ገና ሳይመሽ፣ በተውሶ የላስቲክ ጫማ፣ ጭቃው ደርቆበት እየተፈረፈረ ቤቱ ገባ። እንቁ በሩ ላይ አይታው አፏን ያዘች። "ተርፈህ መጣህ?" አለች። "ተረፍኩ" አለ። ውሃ አሞቀችለት። ሲታጠብ ከበሩ ውጪ ሆና ስትስቅ ሰማት፤ ስለ ጊደሯ ሲነግራት ግን ሳቋን አቆመችና ሴትዮዋ ዕድሜያቸው ስንት እንደሆነ ጠየቀችው።

ትምህርት ሲከፈት አሥራ አራቱም ማረፊያ ክፍል ውስጥ ጠበቁት። ሊዋሽ ይችል ነበር፤ ከእነሱ ማንም አላየውም። ግን ከበቅሎው ፋንድያ ጀምሮ ሳያስቀር ተረከላቸው። ቃለ ክርስቶስ ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ። ሁዳ እንባዋን እየጠረገች "እና በመጨረሻ ጠቀመህ ወይስ አልጠቀመህም?" አለችው።

"አንዱ ጠቅሞኛል። በጀርባ መተኛቱ።"

"ከስንቱ?"

"ደብተሩ መቶ ሃያ ገጽ ነው" አለ ላቀው። "እሱ ግን ግማሽ ገጽ ነበር።"

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በገበያ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ጋሽ አባተ የላቀውን ቤት ጠይቀው አገኙ። እማማ በለጥሻቸው የላኩትን ቅቤ በቅል ይዘዋል። ቅቤውን ለእንቁ ከሰጡ በኋላ ግን አልሄዱም። ጠመንጃ ስላልያዙ እጃቸው የት እንደሚቀመጥ ግራ ገብቷቸው ቆዩና "ያን ሰውዬ ላየው ነበር" አሉ።

ላቀው ቴሌቪዥኑን ከፈተላቸው። ፈረንጁ በረዶ ላይ ነበር፤ ብቻውን፣ ቁምጣ ለብሶ፣ የቀዘቀዘ ወንዝ ሊሻገር። ጋሽ አባተ ጋቢያቸውን ሰበሰቡና ከወንበሩ ጫፍ ተቀመጡ።

"ዘመድ የለውም?"

"አለው። ፈልጎ ነው።"

"ማን ነው የሚያነሣው ታዲያ?"

"ካሜራ ያዥ አለ። ከኋላው ይሄዳል።"

"አሃ!" አሉ ጋሽ አባተ፣ ትልቅ ጭንቀት እንደለቀቃቸው ሁሉ። "ስካውት አለው በሉኛ። ብቻውን አይደለም።"

ከዚያ በኋላ ዘና ብለው ማየት ጀመሩ። ፈረንጁ ወደ ገደሉ ሲሄድ "ኧረ በግራ! በግራ መንገድ አለልህ!" ብለው ጮኹ። ወንዙ ውስጥ ሲገባ ከመቀመጫቸው ተነሡ። እንቁ ከጓዳ መጥታ በሩ ላይ ቆማ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትስቃለች። ላቀው ደግሞ ትዕይንቱን ትቶ ጋሽ አባተን ብቻ ሲያይ ቆየ። እሳቸው ለሰውዬው መንገድ እየጠቆሙ፣ ሲሳሳት እየተቆጡ፣ ሲወድቅ "እኔን!" እያሉ እስከ መጨረሻው አዩለት። ሲያልቅ ወደ ላቀው ዞረው፣ "ነገስ ይኖራል?" ብለው ጠየቁ።